የሕያው ሰው ለቅሶ

አቶ ስብሓት ሐሙስ ጠዋት ሞቱ። የሞቱትም ከመገናኛ ወደ ገርጂ ወረድ ብሎ ባለ የዱቄት ፋብሪካ፣ በምርት ኃላፊው ቢሮ ውስጥ ነው። እሳቸው ግን ያን ሰዓት ከኦሎምፒያ ጀርባ፣ እህታቸው ቤት በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጋዜጣ ያነቡ ነበርና ስለ መሞታቸው ምንም አልሰሙም።

የገደለቻቸው የእህታቸው ልጅ መብራት ናት። ቸኩላችሁ አትፍረዱባት። መብራት ገብረዋሕድ ቀን ቀን ፋብሪካው ላቦራቶሪ ውስጥ ዱቄት ትመረምራለች፤ ከዚያ የተረፈውን ጊዜ ይዛ ደግሞ አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዋ ትማራለች። «የትርፍ ጊዜ ተማሪ» ነው የሚሏት። አይ ትርፍ ጊዜ! በዚያ በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ትርፍ ጊዜ የነበረው ሰው ካለ እስቲ ይምጣና ይመስክር። ማክሰኞ ከሰዓት የውይይት ክበብ፣ ቅዳሜ የሴቶች ማኅበር፣ እሑድ የቀበሌ ስብሰባ፤ በመሀሉ መሠረተ ትምህርት ማስተማር፣ ችግኝ መትከል፣ ለበዓል የሰልፍ ልምምድ። የተረፈውን ደግሞ የስኳር ወረፋ ይበላዋል። መብራት የተማረችው በዚያው መሀል ነው። ወረፋ ላይ ቆማ ታነባለች፣ አውቶቡስ ውስጥ ተንጠልጥላ ታነባለች፣ ስብሰባ ላይ አጨብጭቡ ሲባል እያጨበጨበች በልቧ ቀመር ትደግማለች። ይህን አራት ዓመት ሙሉ አደረገችው።

ሁሉ ነገር ግን በልብ አይሠራም። ፈተና አለ፣ የላቦራቶሪ ሥራ አለ፣ አስተማሪው በቀን ካልሆነ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ለዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፋብሪካው ደንብ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ለታመመ ፈቃድ አለ፣ ለወለደች ፈቃድ አለ፣ ሰው ለሞተበት ፈቃድ አለ። ለሚማር የለም። መብራት አንዴ ጠይቃ «የግል ጉዳይሽን በግል ጊዜሽ» ተብላ ከተመለሰች በኋላ ሁለተኛ አልጠየቀችም። መጀመሪያ ጥርሷን አሳመመች። ቢያሳምሙት ቢያሳምሙት፣ የሰው ጥርስ ስንት ነው? ቀጥላ የክርስትና እናቷን ቀበረች። የክርስትና እናቷ በእርግጥም ሞተዋል፤ የሞቱት ግን እሷ አራተኛ ክፍል እያለች ነው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ? እየቀለላት ሄደ።

በዚያ ሳምንት የመመረቂያ ጽሑፏን ከታይፒስቷ አጠገብ ቁጭ ብላ አርማ፣ ዓርብ ቢሮ ሳይዘጋ ማስረከብ ነበረባት። ሁለት ቀን ሙሉ ያስፈልጋታል። ለጥርስ ሁለት ቀን አይሰጥም፤ ሁለት ቀን የሚሰጠው ለሥጋ ዘመድ ነው። እናቷን ወይዘሮ ብርኽቲን ልትል አፏን ከፈተችና ምላሷ ተሳሰረ። አባቷ ቀድሞውንም በሕይወት የለም። ዕጣው አጎቷ ላይ ወደቀ።

«አጎቴ ስብሓት አረፉ። መርዶው ትናንት ከአክሱም መጣ» አለች።

የምርት ኃላፊው ጓድ ዓለምሰገድ የፋብሪካው የውይይት ክበብ ሰብሳቢም ነው። «እግዜር ያጽናሽ» ሊል ጀመረና ሰብሳቢነቱ ትዝ ብሎት፣ «አይዞሽ፣ በርቺ» ብሎ ፈረመላት።

መብራት አንድ ነገር ረስታለች። በዚህ አገር ሰው ዋሽቶ መታመም ይችላል፤ ዋሽቶ ሰው መግደል ግን አይችልም። ለታመመው እግዜር ይማርህ ብሎ የሚያልፍ ሁሉ፣ ለሞተበት እቤቱ ድረስ ይመጣል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ጽሑፏን አስረክባ፣ ጣቶቿ የካርቦን ወረቀት እንዳጠቆራቸው፣ ኦሎምፒያ ከአውቶቡስ ወረደች። አራት ዓመት የተሸከመችው ሸክም ወርዶላት እግሯ መሬት የረገጠ አይመስላትም። ለእናቷ ልትነግራት፣ ከእናቷ ጋር ልትስቅ እየሮጠች የሰፈሯን ጥግ ስትታጠፍ፣ የፋብሪካው የጭነት መኪና በራቸው ላይ ቆሟል። ነጭ ዱቄቱ እንኳ ከጎኑ አልተራገፈም። መብራት እዚያው ቀጥ አለች። ልትመለስ ዞረች። የት ትመለስ? ቤቷ እኮ ነው!

ገባች። ሠላሳ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። የማሸጊያ ክፍሏ ሰኪና፣ የወሎ ልጅ፣ ጓደኛዋ፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርጋለች። የወፍጮ ሠራተኛው ጋሽ ኦላና አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ሚስታቸውን ከቀበሩ ሁለት ወራቸው ነው፣ የራሳቸውን ሐዘን በሰው ለቅሶ ላይ ያወጡታል። ወይዘሮ ብርኽቲ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ ልጇ ስትገባ ብታያት ጊዜ በዓይኗ ብቻ «ምን አደረግሽኝ?» አለቻት። ሴቶቹ ከኮታቸው ቀንሰው ያዋጡት ስኳር በላስቲክ ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። በዚያ ዘመን ስኳር ማለት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ከሁሉ መሀል ደግሞ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ የመጣውን ሁሉ «እግዜር ይስጥልን» እያሉ የሚቀበሉት ራሳቸው አቶ ስብሓት ናቸው። ሴቶቹ «ወይኔ ስብሓት!» እያሉ ሲገቡ ነገሩ ገብቷቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጉምሩክ የሠሩ ሰው ናቸው፤ ነገር ቶሎ ይገባቸዋል።

ጓድ ዓለምሰገድ ካኪውን ለብሶ አጠገባቸው ተቀምጧል። «አባት፣ እርስዎ ለሟች ምናቸው ነዎት?» አላቸው።

«እኔ? የቅርብ ሰው ነኝ።»

«ወንድም?»

«ከወንድምም እቀርባለሁ። ከእኔ የሚቀርበው የለም።»

«ደግ ሰው እንደነበሩ መብራት ነግራናለች።»

«ደግ ነበር» አሉ አቶ ስብሓት፤ ድምፃቸው በእውነት ሰለል አለ። «ትንሽ ቁጡ ነበር እንጂ፣ ደግ ነበር። ሰው ሳያውቅለት ሄደ።»

ጋሽ ኦላና ሳጋቸውን መቻል አቃታቸው። መብራት እንዲህ ተብሎ ሊያልፍ ይችላል ብላ ማመን ጀምራ ነበር። የፈሩት ይደርሳል! ባለ ሱቋ ጎረቤታቸው ወይዘሮ መኪያ መኪናውን አይታ እየሮጠች በሩን በርግዳ ገባች።

«ጋሽ ስብሓት! ምነው፣ ማን ሞቶባችሁ ነው? ጎረቤት አይደለሁም እንዴ? ምነው ሳትነግሩኝ?»

ሠላሳው ሰው በአንድ ላይ ወደ አቶ ስብሓት ዞረ። እሳቸው ቀስ ብለው ቀና አሉ፣ ኮታቸውን አስተካከሉ።

«ወይዘሮ መኪያ፣ ምን ላድርግ፤ የሞትኩት እኔው ነኝ» አሉ።

የሳቀ የለም። ቢስቁ ለመብራት ይሻላት ነበር። ጋሽ ኦላና ዓይናቸውን ጠርገው ባርኔጣቸውን አነሡና ማንንም ሳያዩ ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ሰኪና በአጠገቧ ስታልፍ መብራት እጇን ልትይዛት ሞከረች፤ ሰኪና እጇን ነጠቀቻት። ስኳሩን መልሶ የወሰደ የለም። ለቅሶ ቤት የመጣ ነገር አይመለስማ።

ቅዳሜ ጠዋት ጓድ ዓለምሰገድ አስጠራት። አልጮኸባትም፤ ደስ ያለው ሰው ለምን ይጮኻል? ላቦራቶሪ ውስጥ ያለችው ሴት ከእሱ የበለጠ ወረቀት ይዛ ልትመጣ ነው የሚለው ነገር፣ ለትምህርት ፈቃድ ከጠየቀችው ቀን ጀምሮ ሲከነክነው ከርሟል። አሁን ራሷ ገመዱን አቀብላዋለች።

«ማክሰኞ በውይይት ክበቡ ግለሂስ ታቀርቢያለሽ» አላት።

ግለሂስ ማለት እንዲህ ነው። በዙር ተነሥቶ በሠራተኛው ፊት የራስን ጥፋት መናገር፣ ምክንያቱን መግለጽ፣ በመጨረሻ «ይህን ጥፋት ዳግመኛ አልፈጽምም» ብሎ ማሰር፤ ከዚያ ሠራተኛው እጁን እያወጣ ይቀበላል ወይም አይቀበልም። ሰው ብልህ ነውና ለግለሂስ የሚሆን ትንሽ ጥፋት ቆጥቦ ያስቀምጣል። የሰኪና ጥፋት እንቅልፍ ነው፤ ስብሰባ ላይ ታንጎላጃለች። የጋሽ ኦላና ቁጣ ነው። ተራቸው በደረሰ ቁጥር ያችኑ ያወጧታል፣ ሰዉም ያችኑ ይቀበላቸዋል።

«የምትይውን ልንገርሽ» አለ ዓለምሰገድ። «ትምህርቱ ግለኛ አደረገኝ፣ ከጓዶቼ ነጠለኝ፣ ወደ ውሸትም መራኝ ትያለሽ። ስለዚህ በገዛ ፈቃዴ አቁሜዋለሁ ትያለሽ። ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ሥራሽ ላይ ትቀጥያለሽ።»

«ጓድ ዓለምሰገድ፣ ትምህርቱ እኮ አልቋል። ማክሰኞ በአሥር ሰዓት ጽሑፌን እከላከላለሁ። ፈታኙ ከምሥራቅ ጀርመን ነው የመጡት፤ ረቡዕ ጠዋት ከቦሌ ይሄዳሉ። ማክሰኞ ካለፈኝ…»

«ማክሰኞ ስብሰባ ነው።»

«ለአንድ ቀን ብቻ ቢፈቅዱልኝ?»

«አሁንስ ማን ሞተ?» አለና ሳቀ። በገዛ ቀልዱ ቆይቶ ቆይቶ ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ። «ምርጫው ያንቺ ነው። እንዳልኩሽ ካላልሽ፣ ሠራተኛውን በማታለል ስንብት ነው። ተማሪ መሆን ትችያለሽ፤ ሠራተኛ መሆን ትችያለሽ። ሁለቱን አንድ ላይ? አበዛሽው።»

መብራት ቢሮውን ለቃ ወጣች። የያዛት ፍርሃት መስሏት ነበር፤ ሁለተኛው ደረጃ ላይ ስትደርስ ግን ንዴት መሆኑን አወቀች። ሁለቱን አንድ ላይ አበዛሽው! አራት ዓመት አንድም ቀን ዱቄቱ ሳይመረመር ወጥቶ ያውቃል? አንድም ትምህርት ወድቃ ታውቃለች? ማን ላይ ነው የበዛው?

ቤት ስትገባ ለእናቷ ሁሉንም ነገረቻት። ወይዘሮ ብርኽቲ ይህን መንግሥት ትፈራዋለች፤ ልትፈራውም ምክንያት አላት፣ በትግርኛ ስሟ ብቻ ስንቴ ቀበሌ ተጠርታለች።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ የምንበላው በደሞዝሽ ነው» አለች። «እሱ የፈለገውን ብትይለት ምን ይጎድልብሻል? ቃል ነው፤ ነፋስ ይወስደዋል። ጎንበስ ብለሽ እለፊው።»

«አራት ዓመት እኮ ጎንበስ ብያለሁ፣ እማዬ። ወገቤ አለቀ።»

አቶ ስብሓት ከበረንዳው ሆነው ይሰሙ ኖሮ ጋዜጣቸውን አጥፈው ገቡ። መብራት ከዚያ ቀን ወዲህ ዓይናቸውን ማየት አፍራለች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አጎቴ» አለች።

«ስለ መሞቴ ነው? እሱን ተይው፤ አንድ ቀን ላይቀር። ግን ከሞቱ አሟሟቱ ይባላል» አሉ። «እኔን ለዲግሪ ገደልሽኝ፣ ደግ። ዲግሪውን ከተውሽው ግን ለምን ሞትኩ? እኔ በከንቱ አልሞትኩም፤ ንገሪው ለዚያ ካኪ!»

ወይዘሮ ብርኽቲ ሳትወድ በግድ ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው ወደ እንባ ዞረባት፤ የወር አስቤዛ በቀልድ አይገዛም።

መብራትን የበላት ግን ከዓለምሰገድ ይልቅ የሰኪና ነገር ነው። ሰኞ በምሳ ሰዓት ከማሸጊያው ጀርባ፣ ሁልጊዜ አብረው በሚበሉበት የጆንያ ክምር ላይ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ሰኪና ምሳዋን አነሣችና ጥቂት ራቅ አለች።

«ወላሂ፣ ለገዛ አክስቴ እንዲያ አላለቀስኩም» አለች ሳታያት። «መብራት ብቻዋን ናት፣ ወንድም የላት፣ አባት የላት፣ አጎቷም ሄደ ብዬ። የልጆቼን ስኳር ነው ቋጥሬ የመጣሁት። ለዓለምሰገድ ብትዋሺ ይሁን፣ የእጁን ነው። እኛ ምን አድርገንሽ?»

«ለትምህርቴ ነው የዋሸሁት፤ ነገ በአሥር ሰዓት አራት ኪሎ ጽሑፌን እከላከላለሁ። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ይሄድና እሱ ጆሮ ይገባል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔን ፈራሽኝ?»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ለመብራት የታያት። አራት ዓመት ከሰው ሁሉ ተደብቃ፣ መጽሐፍ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ እንደ ሌባ ነው የተማረችው። ደብተሯን ያየ ሰው ሁሉ የሚያጋልጣት ይመስላት ነበር። ዓለምሰገድ አንድ ጊዜ «አይቻልም» ስላላት፣ ሠላሳ ጓደኞቿን እንደ ዓለምሰገድ ቆጠረቻቸው። ሰኪና ምሳዋን ሳትጨርስ ሄደች። መብራት ጆንያው ላይ ብቻዋን ቀረች፤ አለቀሰችም፣ አፈረችም፣ ከዚያም የምታደርገውን ቆረጠች።

ማክሰኞ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። ቀይ ጨርቅ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፏል፤ ከኋላ የሶሻሊዝም አባቶች፣ ሦስቱ ጢማሞች፣ ከግድግዳው ፎቶ ላይ ያያሉ። ዓለምሰገድ ሆን ብሎ ንግግሩን አስረዘመው። ስለ ምርት ዘመቻ ተናገረ፣ ስለ ኢምፔሪያሊዝም ተናገረ፣ ስለ ጆንያ ብክነት ተናገረ። ሰኪና እንደ ልማዷ ማንጎላጀት ነበረባት፤ በዚያ ቀን ግን ዓይኗ ፈጥጦ ነበር። የግድግዳው ሰዓት ወደ ዘጠኝ ሲጠጋ ዓለምሰገድ ቀና አለና፣ «ጓድ መብራት፣ ግለሂስ» አለ።

መብራት ነጭ የላቦራቶሪ ካፖርቷን እንደለበሰች ተነሥታ ወደ ፊት ወጣች። ከሁሉ አስቀድማ ጋሽ ኦላናን ፈለገቻቸው፤ ከኋላ ወንበር ላይ ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጥፋት አለብኝ» አለች። «ዋሽቻለሁ። ያልታመመ ጥርሴን አመመኝ ብያለሁ፣ ድሮ የሞተ ሰው ዛሬ ሞተ ብያለሁ፣ በሕይወት ያለ ሰው ገድያለሁ። ጋሽ ኦላና፣ እርስዎ ያንን የሚያህል የራስዎ ሐዘን እያለዎት የእኔን ውሸት ሊያለቅሱ መጡ። ሰኪና፣ የልጆችሽን አፍ ቀምቼ ስኳር በላሁ። ሁላችሁም እንባችሁን አወጣችሁልኝ። ይህን ሳስብ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወዳለሁ። ይቅርታ እላለሁ፤ ይቅርታ የምለው ለእናንተ ነው።»

ዓለምሰገድ ራሱን ነቀነቀ፤ «መልካም ነው። ወደ ምክንያቱ ግቢ» አለ።

«ምክንያቱን ጓድ ሰብሳቢ አስጠንተውኛል። ትምህርት ግለኛ ስላደረገኝ ነው እንድል፣ በገዛ ፈቃዴም ትቼዋለሁ እንድል ነግረውኛል። ግን ይህን ካልኩ አሁንም ዋሸሁ። ለውሸቴ ይቅርታ ልጠይቅ ቆሜ፣ እዚሁ ቆሜ ልዋሽ?»

ከኋላ አንዱ ፍስስ ብሎ ሳቀ። ዓለምሰገድ ጠረጴዛውን መታ። መብራት አላቆመችም፤ ድምፅዋ በገዛ ጆሮዋ ላይ እስኪጮህባት ድረስ ወጣ።

«የዋሸሁት ስለተማርኩ አይደለም፤ ስለፈራሁ ነው! ልማር ነው ብዬ መናገር ፈራሁ። ደግሞ ምን እንደተማርኩ ታውቃላችሁ? ዱቄት መጋዘን ሲከርም ለምን እንደሚመር ነው። አምና ክረምት መርሮ የተመለሰውን ዱቄት እንደገና በጀርባችሁ ያወረዳችሁት እናንተ ናችሁ፤ የኃላፊዎች ጀርባ አይደለም። ስለዚያ ዱቄት ነው አራት ዓመት የደከምኩት። ይህ ግለኝነት ከሆነ፣ አዎ፣ ግለኛ ነኝ!»

«ጓድ መብራት! ተቀመጪ!»

«አልጨረስኩም፣ ጓድ ሰብሳቢ። ግለሂስ የሚታሰረው አልደግምም ተብሎ ነው፤ እርስዎ ነዎት ያስተማሩን። እኔም ይኸው ላስር። ይህን ጥፋት ዳግመኛ አልፈጽምም። ከእንግዲህ አልዋሽም። ስለዚህ እውነቱን ስሙ፤ በአሥር ሰዓት አራት ኪሎ ጽሑፌን እከላከላለሁ። ከዚህ ወጥቼ የምሄደው እዚያ ነው። ጥርሴን አላመመኝም። ማንም አልሞተም።»

ዓለምሰገድ ቀላ። «ይህ ግለሂስ አይደለም! ይህ አድመኝነት ነው! ስብሰባው…»

«ድምፅ ይሰጥ» አሉ ጋሽ ኦላና ከኋላ፣ ተነሥተው። «ደንቡ ነው። ጥፋቷን ተናግራለች፣ አልደግምም ብላለች። ተቀባይ ካለ ይጠየቅ።»

«ይጠየቅ!» አለ ሌላ ድምፅ። «ደንቡ ነው!» አለ ሦስተኛ። ደንብ ደንብ ሲል የኖረ ሰው ደንብ ሲመጣበት ወዴት ይገባል? ዓለምሰገድ ጥርሱን ነክሶ፣ «የሚቀበል?» አለ።

ለአፍታ እጅ አልወጣም። ሰው ይፈራ ነበር፤ ቢፈራም አይፈረድበትም፣ ዘመኑ የታወቀ ነው። መብራት ወለሉን ታይ ነበርና ማን እንደጀመረ አላየችም። ቀና ስትል ዱቄት የነካው አንድ እጅ ከማሸጊያ ሴቶች መሀል ቀጥ ብሎ ቆሟል። የሰኪና ነው። እንባዋ በጉንጯ ላይ ይወርዳል። ከዚያ የጋሽ ኦላና ወጣ። ከዚያ በስተግራ ያሉት፣ ከዚያ ጆንያ ተሸካሚዎቹ፣ እጅ በእጅ ላይ እየተከተለ አዳራሹ እጅ ብቻ ሆነ።

«የማይቀበል?» አለ ዓለምሰገድ፤ የገዛ እጁን አወጣ። የክበቡ ጸሐፊ ግራ ቀኝ አይቶ በግማሽ አወጣለት።

መብራት ካፖርቷን ሳታወልቅ በመሀል መተላለፊያው ወጣች። ከኋላዋ «ነገ ታዪያለሽ!» የሚል ድምፅ ተከተላት፤ አልዞረችም።

በሩ ላይ አንድ «ውይይት» የሚባለው፣ ተሳፋሪ ፊት ለፊት የሚቀመጥበት ታክሲ ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ሹፌሩ አብዱልገኒ ነው፣ የሰኪና ባል።

«ግቢ፣ ግቢ!» አላት። «ከቀትር ጀምሮ ተሳፋሪ እየመለስኩ ነው። ሰኪና ትናንት ስትሰድብሽ ነው ያመሸችው። ጠዋት ደግሞ ‹ይቺ ልጅ መሄዷ አይቀርም፤ በእግሯ እንዳትሄድ ጠብቃት› አለችኝ። የሴት ነገር!»

መብራት ከኋላ ገብታ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። መገናኛን አልፈው አቧሬ ደረሱ። አብዱልገኒ በመስተዋቱ አይቷት፣ «አብሽሪ፣ እህቴ፤ እንደርሳለን» አለ፤ ጥሩምባውን እየነፋም አውቶቡሱን ቀደመው።

ደረሱ። ጀርመናዊው ፈታኝ ቁመተ ረጅም፣ ጥያቄው እንደ ወፍጮ የማያቋርጥ ሰው ነበር። መብራት ከአንድ ሰዓት በፊት ከቆመችበት ቦታ ጋር ሲተያይ ጥያቄው ሁሉ ቀለላት። ማስረዳት የምትችለውን ነው የሚጠይቃት፤ ያልሆነችውን ነኝ በይ የሚላት የለም። አስተማሪዋ ዶክተር ገብረወልድ በየመልሷ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። በመጨረሻው ወንበር ላይ ደግሞ ያንኑ የለቅሶ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው፣ ሟቹ ተቀምጠው ነበር። ውጤቱ ሲነገር ከሁሉ ቀድመው ያጨበጨቡት እሳቸው ናቸው።

ረቡዕ ጠዋት መብራት እንደ ሁልጊዜዋ በሰዓቷ ፋብሪካ ገባች። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ውሳኔው ተለጥፏል። ግለሂሷ በሠራተኛው ተቀባይነት ስላገኘ ስንብቱ ቀርቷል፤ ሆኖም ለሥነ ሥርዓት ሲባል ላልተወሰነ ጊዜ ከላቦራቶሪ ወደ ማሸጊያ ክፍል ተዛውራለች። ዓለምሰገድ ከፎቁ መስኮት ሆኖ ስታነበው ያያታል። እንድታለቅስ ነው የጠበቀው። መብራት ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ነጭ ካፖርቷን አወለቀች፣ ክንዷ ላይ ጣል አደረገችና ወደ ማሸጊያው ሄደች።

ሴቶቹ በሚዛኑ ዙሪያ ቆመው ጆንያ ይሞላሉ። ሰኪና ቀና ብላ አየቻት፤ ከራሷ ላይ ሻሿን ፈታ ወረወረችላት።

«ፀጉርሽን ሸፍኚ። ዱቄት ለተማረ አያዝንም።»

መብራት ሻሹን አሰረች፣ የጆንያውን አንድ ጆሮ ያዘች። ሰኪና ሌላውን ይዛለች። ዱቄቱ ወደ ጆንያው ይወርድ ጀመር።

«እና?» አለች ሰኪና። «እጄን ያወጣሁት ለምን ነበር? አለፍሽ ወይስ ወደቅሽ? ደግሞ ዋሽተሽ!»

«አለፍኩ።»

ሰኪና ጆንያውን ለቀቀችው። ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተደፋ፣ እሷ ግን አንገቷን ቀና አድርጋ እልልታዋን አቀለጠችው። አጠገቧ ያለችው ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ። ጋሽ ኦላና ምን መጣ ብለው ወፍጮውን አጥፍተው ወጡ፤ ነገሩን ሲሰሙ ባርኔጣቸውን ወደ ላይ ወረወሩት። ለቅሶ የደረሰ ሰው ደስታም ይደርሳል፤ በጭነት መኪናው ከመጡት ሠላሳ ሰዎች የቀረ አልነበረም።

ዓለምሰገድ ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። በሩ ላይ ሲደርስ ማሽኑ ቆሟል፣ ዱቄቱ ተደፍቷል፣ መብራት በሴቶቹ መሀል ሻሽ አስራ፣ ከራሷ እስከ ጫማዋ ነጭ ሆና ትስቃለች።

«ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» ብሎ ደነፋ። «ደግሞ ዛሬ ማን ሞተ?»

መልሱን ለመስጠት መብራት አፏን ሳትከፍት፣ ሠላሳው ሰው በአንድ ድምፅ ቀደማት።

«ማንም አልሞተም!»